በሞተር ሳይክል በባሕሩ ዳር መንገድ



ባለፈው የትምህርት ቤት ዕረፍት ከሁለት ጓደኞቼ ጋር በሞተር ሳይክል ወደ ምሥራቅ ኬፕ ሄጄ ነበር። ከጆሃንስበርግ ተነስቶ ባሕሩ ጋ ለመድረስ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሁለት ቀን ነዳን። አብዛኛው ሜዳና ነፋስ ስለሆነ እሱን ልለፈው። ልነግራችሁ የፈለግሁት ስለ ባሕሩ ዳር መንገድ ነው፤ በተለይ ደግሞ ከረጅም ጊዜ በፊት በዚያ በኩል ስላለፉ የሀገራችን ልጆች። (ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።)

መጀመሪያ የደረስነው በድሮ ስሟ ፖርት ኤልዛቤት ከምትባለው የወደብ ከተማ ነው። ኮረብታው ላይ ከድንጋይ የተሠራ ፒራሚድ ቆሟል። በ1820 የኬፕ ተጠባባቂ አስተዳዳሪ የነበረው ሩፋን ዶንኪን ሕንድ ሀገር ለሞተችው ባለቤቱ ለኤልዛቤት መታሰቢያ ያሠራው ነው። ከተማዋንም በስሟ ጠራት። ከ2021 ወዲህ ግን ሕጋዊ ስሟ ጌቤኻ ሆኗል፤ በኮሳ ቋንቋ በከተማዋ ውስጥ የሚያልፈው ወንዝ ስም ነው። የመጀመሪያው ድምፅ በፊደላችን የለም፤ ምላስን ከላንቃ ጋር አጣብቆ ድንገት በማላቀቅ ነው የሚወጣው። ነዳጅ የቀዳልን ወጣት ሦስት ጊዜ አስተማረን፣ ሦስት ጊዜም ሳቀብን። «ጸ» እና «ጨ» የሚያስቸግሯችሁ ልጆች፣ አይዟችሁ! እኛም ተራችን ደርሶ ነበር።

ከዚያ ወደ ምሥራቅ የሚወስደው አር 72 የሚባለው መንገድ ነው። በመኪና ስትሄዱ የባሕሩ ሽታ የሚገባው መስኮት ስትከፍቱ ነው አይደል? በሞተር ሲሆን ግን ሽታው፣ ነፋሱ፣ ብርዱ ሁሉ አብሯችሁ ይጓዛል። ወደ ወንዝ ስትወርዱ ይበርዳችኋል፣ ዳገቱን ስትወጡ መልሶ ይሞቃችኋል። በዚህ አካባቢ አናናስ ስለሚመረት መንገድ ዳር ቆመን ገዝተን በላን። ፖርት አልፍሬድ የምትባለው ትንሽ ከተማ ኮዊ ወንዝ ከባሕር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ናት። በድሮ ጊዜ ትልቅ ወደብ እናድርጋት ብለው ብዙ ለፍተውባት ነበር፤ አሸዋው አሸነፋቸው። ዛሬ የሚታዩባት ትንንሽ የመዝናኛ ጀልባዎች ናቸው።

ታላቁን የዓሣ ወንዝ ከተሻገራችሁ በኋላ ላሞችና ፍየሎች መንገዱን ይዘውታል፤ ልክ እንደኛ ሀገር። በቀስታ መንዳት ግድ ነው። ይህ ወንዝ የእንግሊዝ ቅኝ ገዢዎችና የኮሳ ሕዝብ ብዙ ጊዜ የተዋጉበት ድንበር ነበር።

ቀጥሎ ብዙ ሰው ኢስት ለንደን ብሎ የሚያውቃት ከተማ ደረስን። ሙዚየሟ ውስጥ ሲላካንት የሚባል ዓሣ አለ። ሳይንቲስቶች ከ60 ሚሊዮን ዓመት በፊት ከምድር ጠፍቷል ይሉ ነበር። በ1938 ማርጆሪ ኮርትኒ ላቲመር የምትባል የሙዚየሙ ኃላፊ ዓሣ አጥማጆች ካመጡት ክምር ውስጥ አገኘችው። እኔን ግን ይበልጥ ያቆየኝ ወደቡ ነው።

በ1888 ኦስፕሬይ የተባለ የእንግሊዝ የጦር መርከብ ቀይ ባሕር ላይ ባሪያ የጫኑ ጀልባዎችን ያዘ። በጀልባዎቹ ላይ ከ200 በላይ ሰዎች ነበሩ፤ አብዛኞቹ ከኦሮሞ አካባቢዎች የተወሰዱ ልጆች ናቸው። ነፃ ወጥተው በዛሬዋ የመን ወደምትገኘው ኤደን ተወሰዱ። እዚያ ግን አየሩ ስላልተስማማቸው ብዙዎቹ ታመሙ። ከነሱና በኋላ ከተጨመሩት መካከል 64 ልጆች፣ 42 ወንዶችና 22 ሴቶች፣ በነሐሴ 1890 በመርከብ ኢስት ለንደን ደረሱ። እስቲ አስቡት፤ በማያውቁት ሀገር፣ በማያውቁት ቋንቋ መካከል። ወደ መሀል ሀገር፣ አሊስ ከተማ አጠገብ ወዳለው ላቭዴል የሚስዮን ትምህርት ቤት ተወሰዱ። እኛም በማግስቱ ባሕሩን ትተን በዚያው አቅጣጫ ነዳን፤ ከ100 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ልጆቹ እዚያ ተማሩ። አንዳንዶቹ በለጋ ዕድሜያቸው ሞቱ፤ አንዳንዶቹ በ1909 ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ፤ ሌሎቹ እዚሁ ደቡብ አፍሪካ ቀሩ።

ከቀሩት አንዷ ቢሾ ጃርሳ ትባላለች። በረሃብና በበሽታ ቤተሰቧን ያጣች፣ በጥቂት በቆሎ የተሸጠች ልጅ ናት። ላቭዴል ተምራ መምህር ሆነች፤ አግብታም ወለደች። የልጅ ልጇ ኔቪል አሌክሳንደር በ1936 ክራዶክ ከተማ ተወለደ። አፓርታይድን በመቃወሙ ከ1964 እስከ 1974 ሮበን ደሴት ታስሯል። በ2012 እስኪሞት ድረስም ልጆች በእናታቸው ቋንቋ ይማሩ እያለ ብዙ ደከመ።

እሱና እህት ወንድሞቹ ልጆች ሳሉ አያታቸው ብቻዋን በማይገባቸው ቋንቋ ስታወራ ይሰሙ ነበር። እናታቸውን ሲጠይቁ፣ ከእግዚአብሔር ጋር እየተነጋገረች ነው ትላቸው ነበር። ልጆች፣ ይሄን ነገር ደጋግሜ አሰብኩት። ሴትዮዋ መምህር ናት፤ ቤቷ በልጅና በልጅ ልጅ የተሞላ ነው። ግን በልጅነት አፏ ስትናገር «አቤት» የሚላት አንድ ሰው አልነበረም። በዙሪያዋ ቋንቋዋን የሚናገር ማኅበረሰብ ስላልነበረ፣ ቋንቋው እሷ ጋ ቀረ።

ቅዳሜ ጠዋት ጓደኞቻችሁ ኳስ ሲጫወቱ እናንተ ፊደል ስትቆጥሩ እንደሚከብዳችሁ አውቃለሁ። አንዳንዶቻችሁ «ምን ይጠቅመናል?» ትሉኛላችሁ። መልሴ ይኸው ነው፤ እቤታችሁ ወይም ስልክ ላይ፣ መልስ የምትጠብቅ አያት አለች።

ስለዚህ የሳምንቱ ሥራችሁ ይህ ነው። እናታችሁን፣ አባታችሁን ወይም አያታችሁን አንድ እናንተ የማታውቁት የልጅነት ቃላቸውን ጠይቁ። አማርኛ ሊሆን ይችላል፤ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ጉራጊኛ ወይም ሐዲይኛ ቢሆንም እሰየው። ቃሉን በፊደል ጻፉት፣ ትርጉሙንም ጨምሩበት። ቅዳሜ ይዛችሁ ኑ፤ ሰሌዳው ላይ እንጽፈዋለን።

መልካም ሳምንት ይሁንላችሁ!