ገጭቶ ያመለጠው ሰው ለቅሶ አልደረሰም

አጎቴ የሌሊት ጥበቃ ነበር፣ ቃሊቲ አካባቢ ባለ አንድ መጋዘን። በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ፈረቃውን አስረክቦ ወጣ። ታክሲ የሚይዝበት ከመንገዱ ማዶ ነው። አስፋልቱ መሀል ሲደርስ መኪና ገጨው። መኪናው አልቆመም። ፍሬን እንኳ አልያዘም ነው ያሉት፣ ያዩት ሰዎች።

ሆስፒታል ያደረሱት የማያውቁት መንገደኞች ናቸው። እኔ ስደርስ ነግቷል። ድንገተኛ ክፍሉ ደጃፍ ላይ ተኝቶ አገኘሁት፤ አንድ እግሩ ጫማ የለውም። ተረኛዋ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስሙን አልነበረም። "ማስያዣ የሚከፍለው ማን ነው?" ነው ያለችኝ። ከዘመድ አዝማድ ለቃቅመን 6,000 ብር አስያዝን። በሦስተኛው ቀን አረፈ።

እዚህ ላይ የማፍርበትን ነገር ልናገር። ጋዜጠኛ ነኝ። ያን ጊዜ ስለ ፓርላማ፣ ስለ በጀት፣ ስለ አዋጅ ስጽፍ ዓመታት አልፈውኛል። ያን ዕለት ማለዳ ግን አዋጅ ቁጥር 799/2005 የሚባል ሕግ መኖሩን አላውቅም ነበር። የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድንን የሚመለከተው ሕግ ነው። በመኪና አደጋ የተጎዳ ሰው አስቸኳይ ሕክምና እንዲያገኝ ያዛል፤ የሕክምና ተቋሙም የመስጠት ግዴታ አለበት። ወጪውን የሚሸፍነው የገጪው መኪና መድን ድርጅት ነው፤ ገጪው ካልታወቀ ደግሞ ለዚሁ የተቋቋመው የመድን ፈንድ። በአዋጁ የተቀመጠው ጣሪያ 2,000 ብር ነበር። ብዙ አይደለም፣ ግን ተረኛዋ ማስያዣ ስትለኝ የምመልሰው ቃል ይኖረኝ ነበር። እኔ ዝም ብዬ ስልኬን አውጥቼ ለዘመድ መደወል ጀመርኩ።

ለቅሶው ላይ የሆነውን አልረሳውም። አገራችን ውስጥ፣ ሰው ሳያስበው ሰው ሲገድል ምን እንደሚደረግ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሽማግሌ ይላካል። የገዳይ ወገን አንገቱን ደፍቶ ይመጣል፣ ካሳ ይነጋገራል፣ ዕርቅ ይወርዳል። ከእኛ ሰፈር አንድ ልጅ ከዚያ ሁለት ዓመት በፊት በሚኒባስ ተገጭቶ ሞቶ ነበር። ሹፌሩ ራሱ ነው ለፖሊስ እጁን የሰጠው። ቤተሰቦቹ በሰባተኛው ቀን ከቄስና ከሽማግሌ ጋር ድንኳኑ ድረስ መጡ። የሟች እናት መጀመሪያ ላይ ፊቷን አዞረችባቸው፣ ኋላ ላይ ግን አብራቸው አለቀሰች። አክስቴ፣ የአጎቴ ሚስት ማለቴ ነው፣ ያን ቀን እዚያ ነበረች። በእሷ ድንኳን ግን ማንም አልመጣም። ሰው በገባ ቁጥር ቀና ትላለች። በሦስተኛው ቀን ማታ ጆሮዬ ላይ፣ "ምነው፣ እሱስ ይቅር፣ ሰው እንኳ ቢልክ" አለችኝ።

ወደ ሕጉ ልመለስ፤ ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት ለእሱ ነውና።

ገጪው መኪና ከታወቀ፣ የተጎዳው ሰው ወይም የሟች ቤተሰብ መንገዱ ሰፊ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 የመኪና ባለቤትን ጥፋት ባይኖርበትም ተጠያቂ ያደርገዋል። መሪውን የያዘው ሌላ ሰው ቢሆንም፣ ባለቤቱ ያልፈቀደለት ሰው ቢሆንም ያው ነው። የሚያመልጠው በዚያን ሰዓት መኪናው ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ነው፤ የተጎጂው ጥፋት ከተረጋገጠ ደግሞ እንደ ጥፋቱ መጠን ይቀነስለታል። ለዚህ ነው ትራፊክ ፖሊስ በሚያነሳው ፕላን ላይ "እግረኛው ባልተፈቀደ ቦታ ሲያቋርጥ" የምትለዋን ሐረግ ቤተሰብ በንቃት ማየት ያለበት። (የእኛ ላይ ተጽፋ ነበር። የተፈቀደው ቦታ የቱ ጋ እንደሆነ ሄጄ ፈልጌ ነበር፤ የዜብራው ቀለም ለቆ አስፋልት መስሏል።)

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገርም አለ። አዋጁ ሲወጣ የሰፈረው የመድን ልክ ለሞት ከ5,000 ብር የማያንስ፣ ከ40,000 ብር የማይበልጥ ነበር። ይህ ልክ ሊሻሻል ስለሚችል የወቅቱን እዚያው ጠይቁ። ልኩ ምንም ይሁን ምን ግን የመድኑ ጣሪያ እንጂ የባለቤቱ ዕዳ ጣሪያ አይደለም። ጉዳቱ ከዚያ ከበለጠ ቀሪውን ከባለቤቱ በፍርድ ቤት መጠየቅ ይቻላል። የሟች ሚስት፣ ልጆች፣ ወላጆች የተቋረጠባቸውን ቀለብ በካሳ መልክ መጠየቅ ይችላሉ። ሹፌሩ በወንጀል ተከሶ ከሆነም፣ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 154 የካሳ ጥያቄን እዚያው ችሎት ላይ ለማቅረብ ይፈቅዳል፤ ሌላ መዝገብ መክፈት ግድ አይደለም። የመድን ድርጅት ሠራተኛ "ይኸው ነው፣ ፈርሙና ውሰዱ" ሲላችሁ፣ የምትፈርሙት ወረቀት ላይ "ከዚህ በኋላ ጥያቄ የለኝም" የሚል ካለ ብዕሩን አስቀምጡ።

የሕሊና ካሳ የሚባለውንስ? ያው የ1952ቱ ሕግ በ1,000 ብር ገድቦታል። ያን ጊዜ 1,000 ብር ገንዘብ ነበር።

ገጪው ካልታወቀስ? እኛ የገባነው እዚህ ውስጥ ነው።

መዝገባችን ከአንድ ጣቢያ ወደ ሌላ ሲመላለስ ቆየ። "ክትትል ላይ ነው" የሚለውን መልስ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልቆጠርኩም። ከ14 ወር በኋላ፣ ለሌላ ዘገባ ፍርድ ቤት ኮሪደር ላይ ቆሜ አንድ ጠበቃ ጋር ስናወራ ነገሩን አነሳሁለት። "ፈንዱ ጋ አልሄዳችሁም?" አለኝ። ያን ጊዜ የመድን ፈንድ አስተዳደር ኤጀንሲ ይባል ነበር፤ ዛሬ የመንገድ ደህንነትና መድን ፈንድ አገልግሎት ነው። ገጭቶ ያመለጠና ያልታወቀ መኪና፣ ወይም ሦስተኛ ወገን መድን ያልነበረው መኪና ለሚያደርሰው የሞትና የአካል ጉዳት የሚከፍል ነው። ገንዘቡ ምጽዋት አይደለም፤ የመድን ድርጅቶች ከሚሰበስቡት የሦስተኛ ወገን ዓረቦን ላይ ተቀንሶ ነው የሚጠራቀመው። ጠበቃው ቀጥሎ ያለኝ ግን እንቅልፍ ነሳኝ፦ "የፍትሐ ብሔር ክስ ይርጋው ሁለት ዓመት ነው፤ ቁጥር 2143ን እየው። ነገሩ ወንጀል ከሆነና የወንጀሉ ይርጋ ከረዘመ በዚያ ሊቆጠርላችሁ ይችላል፣ ግን በዚያ አትተማመኑ።" ከሁለቱ ዓመት 14 ወሩን ስንጠብቅ ጨርሰነዋል።

በማግስቱ ቃሊቲ ሄድኩ። በዚያው ሰዓት፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ። አጎቴ የወደቀበት ጥግ ላይ ሻይና ቦንቦሊኖ የምትሸጥ ሴት አለች። ሁለት ሻይ ከጠጣሁ በኋላ ጠየቅኋት። ምጣዷን እያየች ነገረችኝ። አይሱዙ ነበር። ሰማያዊ ሸራ ለብሷል። ታርጋው ኮድ 3፣ መጨረሻው 47። አንዱ የፊት መብራቱ አይሠራም። "ለፖሊስ ለምን አልነገርሽም?" አልኳት። "ማን ጠየቀኝ?" አለች።

14 ወር ሙሉ በየቀኑ እዚያ ተቀምጣለች። እኔ ሥራዬ ሰው መጠየቅ ነው፤ እኔም አልጠየቅኋትም።

ጣቢያ አብራኝ ሄዳ ቃሏን ሰጠች፤ ለዚያ ቀን ሽያጯን ትታ። ከማዶ ያለው መጋዘን በር ላይ ካሜራ ነበር፤ ግን በቀናት ውስጥ በላዩ ላይ እየቀረጸ ስለሚሄድ ያ ሌሊት ከጠፋ ቆይቷል። መጨረሻው 47 የሆነ ኮድ 3 አይሱዙ ስንት እንዳለ አስቡት። መኪናው እስከ ዛሬ አልተገኘም። እንግዲህ አደጋ የደረሰበት ቤተሰብ ይህን የሚያነብ ካለ፣ ከሬሳና ከድንኳን ጭንቀት መሀል አንድ ጠንካራ ሰው መድቡ። ያ ሰው በዚያው ቀን ቦታው ላይ ይሂድ። ሻይ የምትሸጠዋን፣ ሊስትሮውን፣ የታክሲ ተራ አስከባሪውን፣ የጥበቃ ሠራተኛውን ይጠይቅ። ካሜራ ካለ ፖሊስ በጽሑፍ እንዲጠይቅ ያድርግ። የወደቀ የመብራት ስባሪ ካለ ፎቶ ያንሳ፣ አይንካው። ፕላኑ መነሳቱን፣ መዝገብ ቁጥሩን ይያዝ፤ ፈንዱም ሆነ ፍርድ ቤቱ መጀመሪያ የሚያየው የፖሊስን ማስረጃ ነው።

አሁን የሚያበሳጨኝን ልናገር። ሁለት ሹፌሮች አስቡ። አንዱ ይቆማል፣ የገጨውን ያነሳል፣ ፖሊስ ይጠብቃል። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 ይከሰሳል፤ ግልጽ የትራፊክ ደንብ ጥሶ ከሆነ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ሊደርስበት ይችላል። ባለቤቱ ከመድኑ ጣሪያ በላይ ሊጠየቅ ይችላል። ሌላው ጋዙን ረግጦ ይጠፋል። ካልተያዘ ምንም የለበትም፤ የሟች ቤተሰብ የሚያገኘውም ፈንዱ በተወሰነለት ልክ የሚከፍለውን ብቻ ነው፣ ቀሪውን የሚጠየቅ ባለቤት የለማ። መሸሽ ረከሰ ማለት ነው። ቅጣቱን ቢያከብዱት ያስተካክለዋል የሚሉ አሉ፤ እኔ አይመስለኝም። ላልተያዘ ሰው 5 ዓመትም 15 ዓመትም አንድ ነው። መሸሽን የሚያስወድደው በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ደብተር ይዞ ያቺን ሻይ ሻጭ የሚጠይቅ መርማሪ ነው።

"ሕዝቡ ይደበድበኛል ብሎ ነው የሚሸሸው" የሚለውን ክርክር አውቀዋለሁ። ሹፌር ወዳጆች አሉኝ፤ ፍርሃቱ እውነት ነው፣ ተደብድበው የሞቱም አሉ። ግን ከድብደባ ሸሽቶ በአቅራቢያው ፖሊስ ጣቢያ መግባት አንድ ነገር ነው፤ መብራት አሠርቶ፣ ሸራ ቀይሮ ሥራ መቀጠል ሌላ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 575 ራስ ያቆሰሉትን ሰው ያለ እርዳታ ጥሎ መሄድን ለብቻው ወንጀል አድርጎታል። ለዚያ ደግሞ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ቃሊቲ መንገድ ላይ የሚደበድብ ሕዝብ አልነበረም። አንዲት ሻይ ሻጭና ሁለት መንገደኞች ነበሩ።

አክስቴ የወራሽነት ማስረጃ አወጣች፣ የጋብቻ ወረቀት ፈለገች፣ የሞት ማስረጃ አያያዘች፣ ፖሊስ ገጪው አለመታወቁን ጻፈላት። 40,000 ብሩ ተከፈላት። ከባንክ ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ቦርሳዋን ጉያዋ ውስጥ ይዛ ለረጅም ሰዓት ዝም አለች። የቃሊቲን መታጠፊያ ስናልፍ፣

"ይኼ ብር ከማን ነው ያልከኝ?" አለች።

መኪና ያለው ሰው ሁሉ በየዓመቱ ከሚከፍለው መድን ላይ እንደሚቀነስ እንደገና አስረዳኋት።

"ሁሉም ይከፍላል?"

"ሁሉም መክፈል አለበት።"

"እንግዲያ ያ ሰውዬም ከፍሏል ማለት ነው?"

መድን ገብቶ ከሆነ አዎ፣ አልኳት። ራሷን ነቀነቀች፤ ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ በመስኮቱ ወደ ውጭ፣ ወደሚያልፉት አይሱዙዎች ማየት ጀመረች።