ለግድግዳችን የሚስማማውን ጽጌ ረዳ ስለ መምረጥ

የመኖሪያ ግቢ የሚያምረው በሕንፃው ትልቅነት ወይም በአጥሩ ውድነት ብቻ አይደለም። ጠባብ ግቢ እንኳ ቢሆን፥ የሚገባውን ተክል በሚገባው ስፍራ የሚተክል ሰው ካገኘ፥ ለቤተ ሰቡ ዕረፍት፥ ለመንገደኛውም ደስታ ይሆናል። ለዚህ አገልግሎት በአጥርና በግድግዳ ላይ የሚወጣውን ጽጌ ረዳ የሚስተካከለው ተክል ጥቂት ነው። ነገር ግን ብዙዎቻችን የምንገዛው የአበባውን ቀለም ብቻ አይተን ነው፤ እሾሁን፥ የሚደርስበትን ቁመትና የሚያብብበትን ጊዜ ሳንጠይቅ ይዘነው ወደ ቤታችን እንገባለን።

እኔን ነገሩን በጥሞና እንድመረምር ያስገደደኝ የእናቴ የዓይን ሕመም ነው። የዓይናቸው ብርሃን ከዓመት ወደ ዓመት እየደከመ በመሄዱ፥ በደብረ ብርሃን የነበረው ቤታቸው ተሸጦ አዲስ አበባ ከእኛ ጋር መኖር ጀመሩ። በየማለዳው ከመኝታ ክፍላቸው እስከ ማድ ቤቱ በር ድረስ የሚሄዱት ግድግዳውን በእጃቸው እየዳሰሱ ነው። ልጆቼ ደግሞ በዚሁ ግድግዳ ላይ ቀይ ጽጌ ረዳ ይተከልልን ብለው አጥብቀው ለመኑኝ። ለልጆቹ ደስታ ብዬ እሾሃም ሐረግ ብተክል፥ የእናቴን ብቸኛ መንገድ መዝጋት ይሆንብኛል። እምቢ ብዬም ግድግዳውን ራቁቱን መተው አልወደድሁም።

እናቴ የምንነጋገረውን ሰምተው፥ «ልጄ፥ የደብረ ብርሃኗ ነጭ ጽጌ ረዳ እኮ እሾህ አልነበራትም፤ ስንት ዓመት ስዳስሳት አንድ ቀን እንኳ አልወጋችኝም» አሉኝ። ስሟን ብጠይቃቸው «ነጯ» ከማለት በቀር ሌላ ስም አያውቁላትም። አዲሱ የቤቱ ባለቤት አጥሩን አፍርሶ በድንጋይ ሊሠራው መዘጋጀቱን ስለ ሰማን፥ ተክሏን ለይቶ ማወቅና ቁራጭ ማትረፍ ጊዜ የማይሰጥ ሥራ ሆነ።

ጽጌ ረዳ እንደ ወይን ወይም እንደ አተር የሚጠመጠምበት ክር የለውም። በዱር ሲሆን በቆልማማ እሾሁ ሌላውን ዛፍ እየያዘ ይወጣል፤ በቤት ሲሆን ግን ሰው ካላሰረው ራሱን ችሎ ግድግዳ አይይዝም። ወደ ላይ የሚወጡት ጽጌ ረዳዎች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን ቅርንጫፉ ረጅምና ተጣጣፊ፥ አበባው ትንንሽና እንደ ዘለላ የተሰበሰበ ሆኖ፥ አብዛኛውን ጊዜ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚያብብ ነው። ሁለተኛው ቅርንጫፉ ጠንካራ፥ አበባው ትልልቅ፥ በዓመትም ደጋግሞ የሚያብብ ነው። የመጀመሪያው የሚያብበው ባለፈው ዓመት ባደገው ቅርንጫፍ ላይ ስለሆነ፥ ከማበቡ በፊት የሚገርዘው ሰው የዓመቱን አበባ ሁሉ ቆርጦ ይጥላል።

ለይቶ ለማወቅ አበባ እስኪወጣ መጠበቅ አያስፈልግም። የአንዱ ቅጠል ንዑሳን ቅጠሎች ስንት እንደሆኑ መቁጠር፥ የእሾሁን ቅርጽ ማየት፥ በቅጠሉ እግር ግራና ቀኝ ያሉትን ትንንሽ ክንፎች መመልከት ብዙ ይናገራል። የራሳችን አገር ጽጌ ረዳ የሆነው ቀጋ ለዚህ ጥሩ ትምህርት ቤት ነው። ቀጋ በደጋው አጥር ላይ የሚያድግ፥ እሾሁ ቆልማማ፥ አበባው ነጭና ባለ ዐምስት ቅጠል፥ ሽታው ጣፋጭ፥ ሲበስል ቀይ ብርቱካን የሚመስለውን ፍሬውንም እረኞች የሚበሉት ተክል ነው። ለቅጥር አጥር እጅግ ይጠቅማል፤ በእሾሁ ምክንያት ግን ለእናቴ መንገድ የሚሆን አይደለም።

ደብረ ብርሃን ደርሼ ተክሏን ስመለከት፥ ግንዷ እንደ ክንድ የወፈረ፥ ልጧ በስሱ የሚላጥ፥ ቅርንጫፏ ለስላሳ ነበረች። ንዑሳን ቅጠሎቿ ሦስትም ዐምስትም ናቸው። በቅጠሉ እግር ያሉት ክንፎች እንደ ፀጉር የቀጠኑና ቶሎ የሚረግፉ ነበሩ። አበባዋን እናቴ «ከአዝራር ብዙም አትበልጥም፤ ድርብርብ ናት፤ በዓመት አንዴ ስታብብ አጥሩን ታለብሰዋለች» ብለው ነግረውኛል። እነዚህ ምልክቶች ሲሰበሰቡ ወደ አንድ ዘር ያመለክታሉ፤ ይኸውም የባንክስ ጽጌ ረዳ የሚባለው ነው። ይህ ተክል የቻይና ተወላጅ ሲሆን፥ ድርብርቡ ነጭ ዓይነት በ1807 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ወደ እንግሊዝ አገር ተወስዶ፥ በዕፀዋት ሊቁ በጆሴፍ ባንክስ ሚስት ስም ተጠራ። ቢጫም ዓይነት አለው፤ መልካም ሽታ ለሚፈልግ ግን ነጩ ይሻላል።

ቀዩ የልጆቼ ጽጌ ረዳ ከእናቴ መንገድ ርቆ በውጭው በር አጠገብ ተተከለ። በወርኃ ጽጌ፥ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባለው ጊዜ፥ አበባ እንዲኖረው ስለ ፈለጉ ደጋግሞ የሚያብበውን መረጥን። እሾህ የሌለውና ደጋግሞ የሚያብብ ተክል ለሚሻ ሰው፥ በ1868 የተገኘው ዘፊሪን ድሩዋን የተባለው ደማቅ ሮዝ አበባ አለ፤ ሽታውም እጅግ ያማረ ነው። ነገር ግን በቅጠል ላይ ለሚወጣው ጥቁር ነጥብና ዱቄት ለሚመስለው ሻጋታ ስለሚጋለጥ፥ ክረምቱ በሚበረታበት አገራችን ነፋስ የማያገኘው ጥግ ላይ ባይተከል ይመረጣል። በ1930 የወጣው ኒው ዶን የተባለው ፈዛዛ ሮዝ ጠንካራና ደጋግሞ የሚያብብ ነው፤ እሾሃም ስለሆነ ግን ሰው የማይዳስሰው አጥር ይሻለዋል።

አተካከሉ እንዲህ ነው። ጉድጓዱን ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ያህል አርቆ መቆፈር ያስፈልጋል፤ የግድግዳ ሥር ዝናብ ስለማይደርሰው ደረቅ ነውና። ሽቦውን ከግድግዳው ጥቂት ጣት አርቆ መወጠር ለነፋስ መተላለፊያ ይሆናል። ቅርንጫፎቹን ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ ከመስደድ ወደ ጎን አጋድሞ ማሰር ይገባል፤ የተጋደመ ቅርንጫፍ በርዝመቱ ሁሉ ቡቃያ ያወጣል፤ ቀጥ ብሎ የቆመው ግን በጫፉ ብቻ ያብባል። የተዳቀለ ተክል የገዛ ሰው፥ ከተዳቀለበት በታች የሚወጣውን ቡቃያ ከሥሩ ይንቀል፤ አለዚያ የበታቹ ተክል የላይኛውን ያጠፋዋል።

ከደብረ ብርሃን ያመጣኋቸውን እርሳስ የሚያካክሉ ስምንት ቁራጮች፥ እያንዳንዳቸውን ሁለት እጅ በአፈር ቀብሬ በክረምቱ መግቢያ ተከልኋቸው፤ ሦስቱ ሥር ሰደዱ። አንዱን ከማድ ቤቱ ግድግዳ ሥር አኖርሁት። የባንክስ ጽጌ ረዳ አበባውን የሚሰጠው ዕድሜ ባለው ቅርንጫፍ ላይ ስለሆነ፥ ሁለት ሦስት ዓመት መጠበቅ አለብን። እናቴ የሚያብብበት ጊዜ ሲደርስ ቀለሙን ላያዩት ይችላሉ፤ እርሳቸውም ይህን ያውቃሉ። ሆኖም በየማለዳው ሲያልፉ ቅርንጫፉ የት እንደ ደረሰ በጣታቸው እየለኩ ይነግሩኛል፤ ባለፈው ሳምንት ከመስኮቱ ደፍ ደርሷል። እናንተም፥ ውድ አንባብያን፥ ለግድግዳችሁ ጽጌ ረዳ ስትመርጡ፥ በአጠገቡ ማን እንደሚያልፍ አስቀድማችሁ ጠይቁ።