«እንዴት ናችሁ?» ካለቀ በኋላ

ቤተሰብዎ በሁለትና በሦስት አገር የተበተነ ከሆነ ይህን የቪዲዮ ጥሪ ያውቁታል። ስልኩ ከስኳር ዕቃው ጋር ተደግፎ ይቆማል። ፊቶች አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ። «ደህና ናችሁ?»፣ «ልጆቹስ?»፣ «ሥራ እንዴት ነው?»፣ «ብርዱ በረታ?» እየተባለ ሁሉም በየተራ ይጠያየቃል። «ፈጣሪ ይመስገን» ከተባለ በኋላ ግን ጨዋታው ይደርቃል። ልጆቹ ከካሜራው ፊት ሹልክ ይላሉ። አንዱ «በሉ እንግዲህ...» ሲል ሁሉም ይሰነባበታል። ፍቅር ጠፍቶ አይደለም፤ የሚወራው ጠፍቶ ነው።

እኛ ቤት ይህ ዝምታ የከበደን አባታችን ካረፈ በኋላ ነው። ለሙት ዓመቱ የሕይወት ታሪኩን ልንጽፍ ስንቀመጥ፣ አዲስ አበባ እንዴት እንደመጣና የመጀመሪያ ሥራው ምን እንደነበር ከልጆቹ መካከል የሚያውቅ አልነበረም። የምታውቀው እናታችን ብቻ ናት። እሷ ደግሞ 78 ዓመቷ ነው፤ ጆሮዋ እየደከመ፣ ስሞችም እያመለጧት ነው። ወንድሜ የሚኖረው ሜሪላንድ፣ እህቴ ዱባይ ነው። የወንድሜ ልጆች አማርኛ ይሰማሉ፣ መልስ ለመስጠት ግን ያፍራሉ። ጊዜው እየጠበበብን ነበር።

መላውን ያመጣችው የ15 ዓመቷ የወንድሜ ልጅ ናት። በአባቷ እገዛ ኮምፒውተሯ ላይ 16 ባለቀለም ካርዶች ሠራች። በካርዱ ጀርባ ቁጥር፣ በፊቱ ደግሞ በትልልቅ ፊደል የተጻፈ አንድ ጥያቄ አለ። በዙም ስንገናኝ ካርዶቹን ለሁላችንም ስክሪን ላይ ታሳየናለች። ተረኛው ቁጥር ይጠራል፣ ካርዱ ይገለጣል፣ ጥያቄው ጮክ ተብሎ ይነበባል። ይኸው ነው። እርስዎም በካንቫ ወይም በጉግል ስላይድስ ያለ ክፍያ በአንድ ምሽት ሊያዘጋጁት ይችላሉ።

ካርድ ለምን አስፈለገ? በእኛ ባህል ልጅ ተነሥቶ አያቱን «ያኔ ፈርተሽ ነበር?» ብሎ ቢጠይቅ ድፍረት ይመስላል። ካርዱ ግን ይሉኝታ አያውቅም፤ ጠያቂው እሱ ስለሆነ ማንም አይወቀስም። እናቴም «ካርዱ ጠየቀኝ እንጂ እኔ መች እናገረው ነበር!» ትላለች።

ነገሩ ባዕድ አይደለም። «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ብለን ያደግን ሰዎች ነን። ያልመለሰ «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ ልጅና ሽማግሌ በአንድ ምድጃ ዙሪያ እኩል ይጫወታል። ሳይንሱም ይህንኑ ይደግፋል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው አርተር አሮንና ባልደረቦቹ በ1997 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባሳተሙት ጥናት፣ የማይተዋወቁ ሰዎችን ጥንድ ጥንድ አድርገው 36 ጥያቄዎች ሰጧቸው። ጥያቄዎቹ በሦስት ምድብ ተከፍለው ከቀላል ወደ ጥልቅ ይሄዳሉ። በ45 ደቂቃ ውስጥ፣ እነዚህ ጥንዶች ተራ ወሬ ካወሩት ይልቅ እርስ በርስ ተቀራርበው ተገኙ።

ስለዚህ የእርስዎንም ካርዶች በሦስት ቀለም ይከፋፍሏቸው። የመጀመሪያዎቹ ለማሟሟቂያ ናቸው፦ «ከእናትህ ወጥ የትኛው ይናፍቅሃል?» ቀጥሎ ትዝታ ይምጣ፦ «በመጀመሪያ ደመወዝህ ምን ገዛህ?» ጥልቆቹ መጨረሻ ላይ ይሁኑ፦ «በሕይወትሽ ረጅሙ ጉዞ የትኛው ነው?» «አዎ» ወይም «አይ» ተብሎ የሚታለፍ ጥያቄ አይጻፉ። ለልጆች ፈተና የሚመስል ጥያቄም ይቅር። ዕቃ፣ ሽታ፣ መንገድ፣ ምግብ ይጠይቁ፤ ሰው ታሪኩን የሚያገኘው በእነዚህ ውስጥ ነው።

የጉዞው ካርድ ለእናቴ ወጣላት። የመጀመሪያ ልጇን አዝላ ከደሴ በአውቶቡስ እንደመጣች ነገረችን። መንገድ ላይ መኪናው ተበላሽቶ አደሩ። አባታችን መድረሻዋን በትክክል ስላላወቀ፣ ሦስት ቀን ሙሉ አውቶቡስ ተራ እየተመላለሰ ጠብቋታል። የ12 ዓመቱ የወንድሜ ልጅ «ለምን አልደወለችለትም?» ሲል ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ሳቁ ሲበርድ ልጁ ቃላት እየፈለገ፣ በሚሰባበር አማርኛ «እማማ፣ ፈርተሽ ነበር?» አላት። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱ ያቀረበላት ጥያቄ ነበር። እሷም «አዎ ልጄ፣ በጣም ፈርቼ ነበር። ለአያትህም አልነገርኩትም» አለችው። እኛም አልሰማንም ነበር።

ጥንቃቄም ያስፈልጋል። በአገራችን ስንቱ ቤት ጦርነት፣ እስራት፣ ስደት አልፎበታል። ስለዚህ ማንም ሰው «ይለፈኝ» የማለት መብት ይኑረው፤ «ለምን?» ተብሎም አይጠየቅ። እህቴ «ቤት ስትመለሺ መጀመሪያ የምታደርጊው ምንድን ነው?» የሚለው ሲወጣላት አለፈችው። ሦስት ሳምንት ቆይታ «ያቺን ካርድ መልሱልኝ» አለች። መልሷ አጭር ነበር፦ «እማዬ አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ምንም አለማውራት።»

ጥቂት ተግባራዊ ነገሮች ልጨምር። ቅዳሜ ምሽት በእኛ 12 ሰዓት ሲሆን ዱባይ አንድ ሰዓት ይቀድመናል፤ ዋሽንግተንና ሜሪላንድ በበጋቸው ሰባት፣ በክረምታቸው ስምንት ሰዓት ከኋላችን ናቸው። ነፃው ዙም ለቡድን 40 ደቂቃ ብቻ ይፈቅዳል፤ ይህን እንደ ችግር አይዩት፤ ለአምስት ወይም ስድስት ካርድ ይበቃል፣ ሰውም ሳይሰለች ይለያያል። በየሳምንቱ አንድ አጋፋሪ ይሰይሙ፤ ተራ ያስጠብቃል፣ ወሬ የሚያረዝመውን በትሕትና ይገታል። አጋፋሪነቱ ለልጆችም ይድረስ። ጥያቄ ሲነበብ ዝም ቢባል አይደንግጡ፤ ትልቅ ሰው ለማስታወስ ጊዜ ይፈልጋል። መብራት ወይም ኔትወርክ ከጠፋ ካርዱን በቴሌግራም ይላኩ፤ መልሱ በድምፅ መልእክት ይመጣል። ድምፅ መቅዳት ካሰቡ ግን አስቀድመው ያስፈቅዱ።

በመጨረሻም አንዷን ካርድ ባዶ ይተዉ። ባዶዋ ካርድ ለቤተሰቡ ትልቅ ሰው ናት፤ መልስ ሲሰጡ የቆዩት እርሳቸው በተራቸው የፈለጉትን ይጠይቁባታል። እናቴ ካርዷ ስትደርሳት ትንሽ አሰበችና የልጅ ልጆቿን «እዚያ አገር ስማችሁን አስተካክሎ የሚጠራችሁ ማን ነው?» አለቻቸው። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። መልሳቸውን ሰምተን ለመጨረስ ያን ዕለት 40 ደቂቃው አልበቃንም፤ እንደገና ደወልን።