ደወል የሌለው ጸሎት በግላስተንበሪ

በእንግሊዝ አገር፣ በሶመርሴት አውራጃ፣ ግላስተንበሪ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ጣቢያዋ በ1966 ዓ.ም. (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ስለ ተዘጋ፣ ከሎንዶን የሚነሣ መንገደኛ እስከ ካስል ኬሪ በባቡር ሄዶ የቀረውን መንገድ በመኪና ይጨርሰዋል።

ከሩቅ አስቀድሞ የሚታየው ቶር የሚባለው ኮረብታ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 158 ሜትር ከፍ ይላል፤ በራሱም ላይ ጣራ የሌለው የቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ግንብ ብቻውን ቆሟል። በከተማው መካከል ደግሞ የታላቁ ገዳም ፍርስራሽ ይገኛል። በዚያ መነኮሳቱ ቀንና ሌሊት በደወል እየተጠሩ ይጸልዩ ነበር። በ1539 ዓ.ም. ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ገዳሙን ዘጋ፤ የመጨረሻውን አበምኔት ሪቻርድ ዋይቲንግንም በዚያው በቶር ላይ አሰቀለው።

ደወሉ ዝም ቢልም ጸሎት ከከተማዪቱ አልጠፋም። ከቶር ግርጌ ሁለት ምንጮች በአንዲት ጠባብ መንገድ ግራና ቀኝ ይፈልቃሉ። የአንደኛው ውሃ ብረት ስላለበት ድንጋዩን ያቀላዋል፤ ሁለተኛው ነጭ ምንጭ ይባላል፤ በአሮጌ የውሃ ቤት ጨለማ ውስጥ በሻማ ብርሃን ይታያል። ክርስቲያኑም ሌላውም ወደዚህ ይመጣል፤ ከመጪዎቹም መካከል የዊካ ሃይማኖት ተከታዮች አሉ።

አንባቢ «እነዚህ ጠንቋዮች ናቸውን?» ይል ይሆናል። በቋንቋቸው ብዙዎቹ ራሳቸውን በዚሁ ስም ይጠራሉ፤ ነገር ግን በገንዘብ የሚያሟርት ወይም በሰው ላይ ክፉ የሚያደርግ ማለታቸው አይደለም። ተፈጥሮን የተቀደሰች አድርገው ያያሉ፤ አንዲት አምላክትንና ቀንዳም አምላክን ያመልካሉ፤ ዋና ትእዛዛቸውም ማንንም አለመጉዳት ነው። ሃይማኖቱን ለሕዝብ ያስታወቀው በማላያ የጉምሩክ ሹም የነበረው ጡረተኛ ጄራልድ ጋርድነር ነው። በ1735 ዓ.ም. የወጣው የጥንቆላ ሕግ በ1951 ዓ.ም. ከተሻረ በኋላ፣ በ1954 ዓ.ም. መጽሐፉን አሳተመ። እርሱ እምነቱን ጥንታዊ ቢለውም፣ የታሪክ ሊቃውንት የ20ኛው ምዕተ ዓመት ሥራ መሆኑን ይናገራሉ። በ2021 ዓ.ም. በእንግሊዝና በዌልስ በተደረገው ቆጠራ 13,000 ያህል ሰዎች ሃይማኖታቸው ዊካ መሆኑን አስመዝግበዋል።

የዕለት ጸሎታቸው በአብዛኛው የሚደረገው ከምንጩ ዘንድ ሳይሆን በቤት ነው። በክፍሉ ጥግ ባለች ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ሻማ ለእሳት፣ ዕጣን ለነፋስ፣ ውሃ በሳህን፣ ጨው ለምድር ይቀመጣል። ጸላዩ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ትንፋሹን ቀስ እያደረገ፣ እንደ ዛፍ ሥር ወደ መሬት እንደሚሰድ በሐሳቡ ያያል። ከዚያም በገዛ ቃሉ ያመሰግናል ወይም ይለምናል፤ ማታም ጨረቃን ወጥቶ ይሳለማል። አንዳንዱ ያሰበውን በግል ደብተሩ ይጽፋል።

ሁሉን የሚያስገድድ አንድ መጽሐፍ የላቸውም፤ ሰዓቱን የሚጠራ ደወልም የለም። ይህ ነጻነት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ለሰነፍ ቀስቃሽ የለውም። መነኩሴውን ደወል ያነሣው ነበር፤ ይህኛው በየማለዳው ራሱን መጥራት አለበት።

መንገደኛ ከቶር ላይ ሆኖ ፍርስራሹንና ምንጮቹን ባንድነት ሲያይ አንድ ነገር ይገባዋል። ንጉሥ ገዳም ሊያፈርስ፣ ሕግም ሰውን ሊያስፈራ ይችላል፤ ሰው ግን የሚጸልይበት ጥግ አያጣም። በአንድ መንደር የተለያየ ጸሎት የሚጸልዩ ሰዎች ዛሬ ሳይጣሉ ከምንጩ መቅዳታቸው፣ ለግላስተንበሪ ከግንቧ የበለጠ ጌጥ ነው።