ተራራ ላይ የተቀመጠ ደብተር

በዚህ ሳምንት ከአገር ወጣ ብለን ስለ አንድ ተራራ እንጽፋለን። ተራራው ያለው በአሜሪካ፣ በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ነው። በዚያ ሲያትል የምትባል ትልቅ ከተማ አለች። ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖሩባታል። ከከተማዋ ወደ ምሥራቅ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ካስኬድ ከሚባሉት ተራሮች መካከል ይደረሳል። እኛም ወደዚያ የሄድነው በመስከረም መግቢያ፣ እንቁጣጣሽ በዋለ በአራተኛው ቀን ነበር።

አራት ነበርን። ሦስታችን በከተማዋ ሠርተን የምናድር ነን። አራተኛዋ የአንዱ ጓደኛችን እናት ናቸው። ልጃቸውን ሊጠይቁ ከጃናሞራ፣ ከሰሜን ተራሮች አገር የመጡ ናቸው። ሁላችንም እማማ እንላቸዋለን።

«ዛሬ ደግሞ የት ልትወስዱኝ ነው?» አሉን።

«ተራራ ላይ የተደበቀ ሣጥን ልንፈልግ ነው፣ እማማ።»

«ሣጥኑ ውስጥ ምን አለ?»

«ደብተር አለ።»

«ሌላስ?»

«ሌላማ ብዙም የለ።»

እማማ ሳቁ። «እኔ ፍየል ጠፍቶብኝ ተራራ ወጥቼ አውቃለሁ። ለደብተር ግን ወጥቼ አላውቅም» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከምድር በላይ 20,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው የሚዞሩ ሰው ሠራሽ ሳተላይቶች አሉ። አሜሪካኖች ለጦር ሠራዊታቸው ብለው ያመጠቋቸው ናቸው። ቁጥራቸው ከ24 አያንስም። ሥራው ሁሉ ጂፒኤስ ይባላል። እያንዳንዱ ሳተላይት ሰዓቱን እየነገረ ምልክት ይልካል። በእጃችን ያለው መሣሪያ ምልክቱ ምን ያህል ዘግይቶ እንደ ደረሰ ይቆጥራል። መብረቅ ብልጭ ሲል አይተን ነጎድጓዱ ቶሎ ከተሰማ ቅርብ ነው እንላለን። ከዘገየ ሩቅ ነው እንላለን። መሣሪያውም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። የአራት ሳተላይቶችን ርቀት ካወቀ የቆምንበትን ቦታ በጥቂት ሜትር ልዩነት ይነግረናል። የስልክ ካርድ አይፈጅም። ሰማይ መታየት ብቻ ነው ያለበት።

ዱሮ ግን ሌላው ሰው በትክክል እንዳይጠቀምበት ምልክቱን ሆን ብለው ያዛቡት ነበር። እስከ 100 ሜትር ያስት ነበር። ይህ የቀረው በሚያዝያ ወር 1992 ዓ.ም. ነው። በማግሥቱ፣ ሚያዝያ 25 ቀን፣ ዴቭ ኡልመር የተባለ የኮምፒውተር ባለሙያ በኦሪገን ክፍለ ግዛት ጫካ ውስጥ አንድ ባልዲ አስቀመጠ። በባልዲው ውስጥ ደብተርና እርሳስ፣ ጥቂት ዕቃ፣ ደግሞም አንድ ጣሳ ባቄላ ነበረበት። የቦታውን ቁጥር ለሌሎች ነገረና «ፈልጉ» አለ። በጥቂት ቀን ውስጥ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ጨዋታው ጂኦካሺንግ ተብሎ በዓለም ሁሉ ተዛመተ። ሣጥን ያገኘ ሰው ስሙን በደብተሩ ላይ ይጽፋል። ዕቃ ከወሰደ በምትኩ ዕቃ ያስቀምጣል። ሣጥኑንም እንደ ነበረ ይመልሳል። ምግብ ግን ዛሬ አይቀመጥም። ድብ ይጠራል።

የአንድ ቦታ ቁጥር ሁለት ክፍል አለው። አንዱ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ያለውን ይናገራል። ሌላው ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ያለውን። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። እኛ የሄድንበት ተራራ 47 ዲግሪ ላይ ነው። እንግዲህ ቁጥር ማንበብ ቀልድ አይደለም። 47 የሚለውን 46 ብሎ የጻፈ ሰው 111 ኪሎ ሜትር ይስታል።

መኪናችንን አቁመን በጠዋት መንገድ ጀመርን። አገሩ ጥቅጥቅ ያለ የጥድ ደን ነው። ዛፉ ከመርዘሙ የተነሣ ጫፉን ለማየት ባርኔጣ ይወድቃል። መሬቱ በሽበት የተሸፈነ ይመስል አረንጓዴ ሽበት ለብሷል። በዚያ አገር ሐምሌና ነሐሴ በጋ ነው። ዝናቡ የሚመለሰው በመጸው ነው። በአንድ ገላጣ ስፍራ ላይ ስንደርስ በስተ ደቡብ በረዶ የለበሰው የሬይኒር ተራራ ታየን። ቁመቱ 4,392 ሜትር ነው። እማማ አተኩረው አዩትና፣

«የእኛው ዳሸንስ?» ብለው ጠየቁ።

«ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር ይበልጣል።»

«እኔም ብዬ ነበር» አሉ። ከዚያ ወዲያ ፊት ፊት ይሄዱ ጀመር።

ከአንድ የግንድ ድልድይ ስንደርስ ወንዙን ተሻገርን። የእግር መንገዱን እዚያ ትተን ወደ ምሥራቅ ሽቅብ ወጣን። ከድልድዩ እስከ ሣጥኑ 1 ኪሎ ሜትር ነው። መንገድ የለም። ድንጋይና የወደቀ ግንድ ብቻ ነው። መሣሪያው እየመራን ወጣን። ከቋጥኝ ሥር ስንደርስ ግን አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ይለን ጀመር። ገደልና ወፍራም ዛፍ ምልክቱን ያስተዋል። እኛ መሣሪያው ላይ አፍጥጠን ስንዞር እማማ አንድ የድንጋይ ክምር አሳዩን።

«ይህን ውሃ አልከመረውም። የሰው እጅ ነው» አሉ።

ድንጋዩን አነሣን። እውነትም ሣጥን አለ።

«ኧረ የጥይት ሣጥን ነው! አትንኩ!» ብለው ጮኹ።

እውነታቸውን ነው፤ ዱሮ የጥይት ሣጥን ነበር። ክዳኑ ላይ ላስቲክ ስላለው ውሃ አያስገባም። ስለዚህ ለዚህ ሥራ ይወዱታል። በውስጡ ትንሽ ደብተር፣ አንድ እርሳስ፣ ጥቂት የልጅ መጫወቻ ተቀምጧል። ደብተሩ በላስቲክ ተጠቅልሏል። ስሞቹ ሁሉ በፈረንጅ ፊደል የተጻፉ ናቸው። ሦስታችን ከጻፍን በኋላ ደብተሩን ለእማማ ሰጠናቸው።

«ቀለሙ የት አለ?» አሉና አውራ ጣታቸውን አሳዩን። ሲቀልዱ ነው። ፊደል የቆጠሩት ዘግይተው፣ ልጆቻቸው ካደጉ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ በቀበሌም በፍርድ ቤትም በጣታቸው ሲፈርሙ ኖረዋል።

ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ደብተሩን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ስማቸውን ጻፉ። የአባታቸው ስም ላይ ሲደርሱ አንዲት ፊደል ጠፋችባቸው። ልጃቸው ሊነግራቸው አፉን ሲከፍት እጃቸውን አነሡ።

«ተው፣ ትመጣለች።»

መጣች። ከስማቸው ሥር ጃናሞራ ብለው ጨመሩ። አንድ ብር ሣንቲም ከሣጥኑ ውስጥ ጣል አደረጉ። በምትኩ ዕቃ ውሰዱ ብንላቸው እንቢ አሉ። የማላውቀው ሰው ቤት ገብቼ ዕቃ አላነሣም ነው ነገሩ።

ወደ ስምንት ሰዓት ገደማ ጉም ወረደ። መውረድ ያለብን አሁን ነው። መሣሪያውን ብናይ ጠፍቷል። የባትሪ ድንጋዩ አልቋል። ትርፍ ድንጋይ መኪና ውስጥ ትተናል። ስልኮቻችንንም ፎቶግራፍ ስናነሣባቸው ውለን ጨርሰናቸዋል። ጥፋቱ የእኛው ነው፤ ሌላ ተጠያቂ የለውም።

ደግነቱ ካርታና ኮምፓስ ይዘናል። ኮምፓስ መግነጢስ የሆነ መርፌ አለው። መርፌው ወደ ሰሜን ያመለክታል። ዙሪያው በ360 ዲግሪ ተከፍሏል። ምሥራቅ 90፣ ደቡብ 180፣ ምዕራብ 270 ነው። ጠዋት ካርታውን ለክተን በወረቀት ላይ «ከሣጥን ወደ ድልድይ 270» ብለን ጽፈን ነበር። በዚያው 270 ሄድን። አሥር እርምጃ እንኳ አይታይም።

ግማሽ ያህል እንደ ወረድን እማማ ቆሙ።

«ስንወጣ ውሃው በቀኛችን ይጮህ ነበር። አሁን በግራችን መጮህ አለበት። የት ሄደ?»

ዝም ብለን አዳመጥን። ጭጭ ነው። ያን ጊዜ ደነገጥን። ካርታውን ዘረጋን። ከፊታችን በስተ ቀኝ በካርታው ላይ መስመሮቹ ተጠጋግተዋል። መስመር ሲጠጋጋ ገደል ነው። ከመካከላችን አንዱ ግንባሩን መታ።

የኮምፓስ መርፌና የካርታው ሰሜን አንድ አይደሉም። መርፌውን የሚስበው የምድር መግነጢስ ነው። እሱ ደግሞ ከእውነተኛው ሰሜን ዘወር ያለ ነው። ልዩነቱ በየአገሩ ይለያያል። በዚያ አገር መርፌው 15 ዲግሪ ያህል ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል። ስለዚህ ከ270 ላይ 15 ቀንሰን 255ን መከተል ነበረብን። 15 ዲግሪ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን 1 ኪሎ ሜትር ለሄደ ሰው 260 ሜትር ያህል ያስታል። እኛ እኩሌታውን ሄደን 130 ሜትር ያህል ወደ ገደሉ ወገን ወጥተናል።

ከዚያ ወዲያ አልተጣደፍንም። ተያይዘን፣ እግራችንን እየሞከርን ወደ ደቡብ ሄድን። መጀመሪያ የሰሙት እማማ ናቸው። የውሃው ድምፅ ነው። ወንዙን በግራችን አድርገን ቁልቁል ስንከተለው ድልድዩ ከጉሙ ውስጥ ብቅ አለ። እማማ ግንዱን በእጃቸው ሳሙት።

መኪና ውስጥ ገብተን ቆሎ ስንቆረጥም፣

«በእኛ አገር መርፌው ስንት ይዋሻል?» ብለው ጠየቁን።

«ከ5 ዲግሪ አይበልጥም፣ እማማ።»

«እንግዲያው የእኛው መርፌ ጨዋ ነው።»

ከዚያ ያን ወረቀት ተቀበሉን። እርሳስም አምጡ አሉ። 270 የሚለውን ሰረዙና ከሥሩ 255 ብለው ጻፉ።