የወፍጮ ሞተር ግራውንድ በብረት ቱቦና በፕላስቲክ ቱቦ

የኤሌክትሪክ ሞተር ግራውንድ የሚደረገው የውስጡ ጥቅል ሽቦ ሽፋን ተበልቶ ፌዙ የሞተሩን ብረት አካል ሲነካ ብሬከሩ ወዲያው እንዲጥል ነው። ይህ እንዲሆን ከሞተሩ አካል ተነስቶ ወደ ትራንስፎርመሩ ኒውትራል የሚመለስ፣ ብዙ አምፔር የሚሸከም የብረት መንገድ ያስፈልጋል። አገር ቤትና አሜሪካ የሚለያዩት ይህ መንገድ በሚሠራበት ነገር ላይ ነው።

በአሜሪካ የፋብሪካና የመጋዘን ሽቦ በአብዛኛው የሚያልፈው በብረት ቱቦ ውስጥ ነው። የአገሪቱ የኤሌክትሪክ ደንብ ወፍራሙንም ስሱንም የብረት ቱቦ ራሱን እንደ ግራውንድ ሽቦ ይቀበለዋል። መገጣጠሚያዎቹ ከጠበቁና ሳጥኑ ላይ ነቱ በሚያርፍበት ቦታ ቀለሙ ከተፋቀ ቱቦው ሥራውን በደንብ ይሠራል። ተጣጣፊው የብረት ቱቦ ግን ገደብ አለው፤ ያለ ግራውንድ ሽቦ የሚፈቀደው ከ1.8 ሜትር ካልበለጠና ብሬከሩ ከ20 አምፔር ካላለፈ ብቻ ነው። ከተገጠመ በኋላም መንቀሳቀስ ላለበት ማሽን ርዝመቱ ምንም ያህል ቢያጥር የግራውንድ ሽቦ ግድ ነው። ብዙ መሐንዲሶች ዝገትንና የላላ ማያያዣን ስለሚፈሩ በጠንካራው ቱቦ ውስጥም አረንጓዴ ሽቦ ይጨምራሉ፤ ትክክል ናቸው።

በሻንቶ፣ በሶዶም ሆነ በሌላ የወላይታ ከተማ ለሚተከል ወፍጮ ግን ሽቦው የሚገባው በአብዛኛው በፕላስቲክ ቱቦ ነው። ፕላስቲክ ምንም አያስተላልፍም። ስለዚህ ሦስቱ ፌዞች በሚያልፉበት ቱቦ ውስጥ አራተኛ፣ አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ ከቦርዱ እስከ ሞተሩ አብሮ መሳብ አለበት። ውጭ አገር ያየውን ይዞ ለዘመዱ ወፍጮ የሚያስተክል ሰው መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው ይህ ሽቦ መኖሩን ነው።

በሽቦው ፋንታ ሞተሩ አጠገብ የብረት ዘንግ ቀብሮ መተው አደገኛ ልማድ ነው። የዘንጉ ሬዚስታንስ 20 ኦም፣ የትራንስፎርመሩ ግራውንድ 5 ኦም ቢሆን 220 ቮልት የሚነዳው 8.8 አምፔር ብቻ ነው። ይህ ለ40 አምፔር ብሬከር ተራ ጭነት ስለሆነ አይጥልም፤ የሞተሩ አካል ግን በ176 ቮልት ላይ ይቆያል። በቆሎ ለማስፈጨት የመጣች እናት ረጥቦ የቆየ ወለል ላይ ቆማ ያንን ብረት ብትነካ ሊገድላት ይችላል። ደረቅ ሸክላ አፈር ላይ ደግሞ የዘንጉ ሬዚስታንስ ከ20 ኦም እጅግ ሊበልጥ ይችላል። የአሜሪካው ደንብም አፈርን እንደ ብቸኛ መመለሻ መንገድ አይቀበልም።

የሞተሩን አካል እዚያው ከኒውትራል ጋር ማሰርም አያዋጣም። በቦርዱና በሞተሩ መካከል ኒውትራሉ ቢቆረጥ፣ በዚያው ኒውትራል ላይ ባለ ሌላ መብራት በኩል የመጣው ቮልቴጅ ሞተሩ አካል ላይ ይገባል። ግራውንድና ኒውትራል የሚገናኙት በዋናው ቦርድ፣ ያውም የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት አሠራር ሲፈቅድ ነው። ግንኙነቱ ከሌለ ግራውንዱ በዘንግ ብቻ ስለሚቆም በዋናው ቦርድ ላይ የፍሳሽ ብሬከር (RCD) መጨመር ያስፈልጋል። 30 ሚሊ አምፔር ፍሳሽ ሲያገኝ የሚጥለው ከብረቱ ጋር የተገናኘ ሰውን ያድናል፤ በየጊዜው በመሞከሪያ ቁልፉ መፈተን ይገባዋል።

የወፍጮ ሞተር ቺንጋውን ለመወጠር በሐዲድ ላይ ስለሚንሸራተትና ስለሚንቀጠቀጥ የመጨረሻው የቱቦ ክፍል ተጣጣፊ መሆን አለበት። ሽቦው ሞተሩ ላይ የሚታሰረው በተርሚናል ሳጥኑ ውስጥ ባለው የግራውንድ ቡሎን ነው፤ ቀለም ካለ ይፋቃል፣ ጥርስ ያለው ዋሸር ይደረግበታል። የሞተሩ እግር ላይ የሚታሰር ሽቦ በመንቀጥቀጡ ይላላል። ሥራው ሲያልቅ ዋናው ብሬከር ጠፍቶ በመልቲሜትር ከሞተሩ አካል እስከ ቦርዱ ግራውንድ ባር ይለካል፤ ንባቡ ከ1 ኦም በታች ካልሆነ ማያያዣዎቹ አንድ በአንድ ይፈተሻሉ። ሞተሩ እንደገና ሲጠቀለል ወይም ሲቀየርም ልኬቱ ይደገማል።