ጭንቀት ፊት ላይ ሲወጣ



ብስራተ ገብርኤል አካባቢ በምሠራበት ክሊኒክ የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ ብጉር ብሶባቸው የሚመጡ ተማሪዎች ይበዛሉ። እናቶች "ዶክተር፣ ቅባት በልታ ይሆን?" ይሉኛል። እኔ ግን አስቀድሜ ልጅቷን "ስንት ሰዓት ትተኛለሽ?" እላታለሁ።

ጭንቀቱ አይገርመኝም። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ፤ ይህን የማያውቅ ተማሪ የለም።

ስንጨነቅ ሰውነታችን ኮርቲሶል የተባለውን ሆርሞን በብዛት ያመነጫል። የቆዳ ወዝ ይጨምራል፣ ቆዳ ይቆጣል፣ ቁስልም ቶሎ አይድንም። ችፌ ያለበት ሰው ማሳከኩ እንቅልፍ ይነሳዋል፤ እንቅልፍ ማጣቱ መልሶ ጭንቀቱን ያብሰዋል። በ2003 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በ22 ተማሪዎች ላይ የተደረገ አነስተኛ ጥናትም በፈተና ሰሞን ጭንቀታቸው የጨመረ ተማሪዎች ብጉራቸውም እንደባሰ አሳይቷል።

ከብጉሩ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚቀባው ክሬም ነው። ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል ያለበት ክሬም መጀመሪያ ፊትን ያጠራል፤ "ፍቱን ነው" ያስብላል። ሲቆይ ግን ቆዳን ያሳሳል፣ ብጉሩን ያብሳል፤ ሲያቆሙት ፊት ይቀላል፣ ያቃጥላል። አንዲት ተማሪ ለወራት ከቀባች በኋላ "ከደብተሬ ይልቅ መስታወት ሳይ ነው የምውለው" አለችኝ። ወደ አለርት ሆስፒታል የቆዳ ሐኪሞች ላክኋት።

ምን እናድርግ?

✅ ማታ ከ8 ሰዓት ያላነሰ እንቅልፍ ተኙ፤ ለቆዳም ለትምህርትም ይጠቅማል።
✅ ፊታችሁን በቀን ሁለቴ ለስለስ ባለ ሳሙና ታጠቡ፤ አትፈትጉት።
✅ ብጉር አታፍርጡ፤ ጠባሳ ይተዋል።
✅ በየቀኑ 30 ደቂቃ በእግር ሂዱ። ልባችሁ ሲመታ በአፍንጫ ቀስ ብላችሁ አየር አስገቡ፣ ከዚያ በዘገየ ሁኔታ አስወጡ።
✅ ክሬሙን ለረጅም ጊዜ ከቀባችሁ፣ አቋራረጡን ከሐኪም ጋር ተነጋገሩ።

ወላጆች፣ "ፊትሽ ምን ሆነ?" የሚለውን ጥያቄ ተዉላቸው። ልጅቷ ከእናንተ በፊት አይታዋለች። "ጥናቱ እንዴት እየሄደ ነው? ምን ላግዝሽ?" ብትሏት ይሻላል።

ብጉሩ ጠባሳ እየተወ ከሆነ፣ ወይም ሐዘንና እንቅልፍ ማጣት ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ፈተናው እስኪያልፍ አትጠብቁ። ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ጤና ይብዛላችሁ!